ግንበኛው የሚመጣው ስንተኛ ነው

ስልኩ የደወለው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አብዲ ነበር። አብዲ ከድሬዳዋ እኔ ወደምኖርበት ሐረር ሲደውልልኝ የልጆቹን፣ የጎረቤቱን፣ የፍየሎቹን ደኅንነት አንድ በአንድ ካልነገረኝ ወደ ጉዳዩ አይገባም። የዚያን ቀን ግን "ሚዛን" ብሎ በቅጽል ስሜ ጠራኝና ስለ ፍየሎቹ ምንም አላነሳም። ገባኝ።

"መቼ?" አልኩት።

"ዛሬ ንጋት ላይ። ሰግዶ ተመለሰ፣ ጋደም አለ፣ በቃ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቤት ይወጣል። የሰፈሩ ልጆች እኛ እንሸከማለን እያሉ ነው። እምቢ ብያለሁ። ጋሽ አደምን የምናነሳው እኛ ነን።"

"አንተ ጉልበትህን ታመህ የለም እንዴ?"

"አንተስ ወገብህን ታመህ የለም?"

"እና?"

"እናማ ና።"

ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ቁልቁለቱን እየወረድን፣ ሙቀቱ በመስኮት እየገባ ሲመጣ፣ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከቤቱ እስከ መስጊድ፣ ከመስጊድ እስከ መቃብር ያለውን መንገድ በእርምጃ ቆጠርኩት። ሦስት ጊዜ ቆጥሬ ሦስቱም አልተስማሙም። ይህን ሰው መሬት ሳናስነካ እናደርሰው ይሆን?

ሚዛን እውነተኛ ስሜ አይደለም። በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ፋብሪካ መጋዘን የሚገባውንና የሚወጣውን ጆንያ የምመዝን ሠራተኛ ነበርኩ። ስሙን ያወጣልኝ የጫኝና አውራጆቹ አለቃ ጋሽ አደም ነው፤ ወላጆቼ ያወጡልኝን ስም ያኔ የረሳ ሁሉ እስከ ዛሬ አላስታወሰውም። እሱን "አንተ" እያልኩ ማውራቴ ድፍረት አይምሰላችሁ። አንድ ቀን "እርስዎ" ብለው፣ ዞር ብሎ ከኋላው ሰው መኖሩን ተመለከተና "ከማን ጋር ነው የምታወራው አቦ? እኔ ብቻዬን ነኝ" አለኝ። አንቱታዬን የዚያኑ ዕለት ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።

ረጅም ሰው አልነበረም። አንገት የሚባል ነገር አልፈጠረለትም፤ ራሱ ትከሻው ላይ እንዲሁ የተቀመጠ ይመስላል። በወጣትነቱ ባቡር ጣቢያ ተሸካሚ ነበር። ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ እንኳ ኩንታል ጆንያ ጀርባው ላይ ሲያርፍ ፊቱ አይለወጥም፤ ጨዋታ ጀምሮ ከሆነም አያቋርጥም። ሽርጡን ከፍ አድርጎ አስሮ፣ በባዶ እግሩ፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ችኮላ አይወድም። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" የሚለው ተረት ለእኛ ቀልድ ሲሆን ለእሱ የሥራ መመሪያ ነበር።

ከመጋዘኑ ጀርባ ባዶ ጆንያ የሚከመርባት አንዲት ክፍል ነበረች። ጋሽ አደም ቁልፏን ይዞ ብረት ማንሻ አድርጓታል። የፋብሪካው የክብደት ማንሳት ቡድን እንባል ነበር፣ ስምንት ሰዎች። ስማችን ከንብረታችን ይበልጣል። ትንንሾቹ ብረቶች በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተን የሠራናቸው ናቸው። ትልቁ ግን የአሮጌ ጭነት መኪና አክስል ነው፤ ግራና ቀኙ ላይ የማሽን ጥርስ ተበይዶበታል። እኔው ራሴ መዝኜዋለሁ፣ ዘጠና አምስት ኪሎ። ስሙ ሙሴ ነበር። ድሮ የፈረንጅ አለቆች ሙሴ ስለሚባሉና እንደነሱ ወገብ የሚሰብር ስለሆነ ነው ይባላል። ከስምንታችን መካከል ሙሴን ከራሱ በላይ የሚያነሳው አብዲ ብቻ ነበር።

የጋሽ አደም አሠልጣኝነት ልዩ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ስንት አነሳህ ሲል እሱ ስንት ሰዓት ተኛህ ይላል። ብረቱን ከመያዝህ በፊት ፊትህ ይቆምና የታችኛውን የዓይን ሽፋንህን በአውራ ጣቱ ወደታች ጎተት አድርጎ ያያል።

"ተኝተሃል?"

"ተኝቻለሁ።"

"እንግዲያው አንሳ።"

አልተኛሁም ካልክ ወይም ዓይንህ ቀልቶ ከተገኘ፣ በዚያ ቀን ብረት አትነካም። ልመና አይሠራም። "ሂድ ተኛ፣ ሙሴ የትም አይሄድም፣ እግር የለው" ይልሃል።

እኔ ያደግሁት ተኝቶ መገኘት ነውር በሆነበት ቤት ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ፀሐይ አልጋ ላይ ያገኘችው ልጅ ቁርስ አይቀምስም። እንቅልፍ ለእኔ የሰነፍ ምልክት ነበር። ይህንኑ ለጋሽ አደም ብነግረው አልተቆጣኝም። ጆንያ ላይ አስቀመጠኝና እጁን ክንዴ ላይ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

"ስማ ሚዛን። ብረት ስታነሳ እዚህ ውስጥ ያለውን ቤት ታፈርሰዋለህ። የሚያምህ፣ የሚያቃጥልህ እሱ ነው። ከዚያ ትበላለህ፤ ድንጋዩና ጭቃው መጣ። ግን ማን ይገንባው? ግንበኛው የሚመጣው ስትተኛ ነው። እና ይሄ ግንበኛ ዓይን አፋር ነው ወላሂ። ባለቤቱ ነቅቶ ካገኘው መሣሪያውን ይዞ ይመለሳል።"

ይህን ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ማንበብ የጀመረው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያውም ፊደሉን ከጨረሰ በኋላ መጽሐፍ ሲይዝ አላየሁትም። ከብዙ ዓመት በኋላ ለወገቤ የታከምኩበት ሐኪም ስለ ጡንቻና ስለ እንቅልፍ ሲያስረዳኝ፣ ነገሩ ያው ሆኖ ግንበኛው ብቻ ጎድሎበት አገኘሁት።

የድሬዳዋ ቀትር ለማያውቀው አይነገርም። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሱቁ ይዘጋል፣ ውሻው ጥላ ይፈልጋል፣ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ይንጣጣል። መኪና ስለማይመጣ ጫኝና አውራጁ ያርፋል። አብዛኛው ሠራተኛ ይህን ሰዓት ለበርጫ ነው የሚያውለው፤ ጫቱን ይዞ ጥላ ሥር ይሰበሰባል። ጋሽ አደም ግን ሶላቱን ሰግዶ ስምንታችንን ወደ ክፍሏ ያስገባና በሩን ይዘጋል። ሽርጦቻችንን በርሜል ውሃ ውስጥ ነክረን፣ ጨምቀን፣ ባዶ ጆንያ ላይ ተጋድመን እንለብሳቸዋለን። ከዚያ ድምፁ ይመጣል፣ ዝግ ብሎ። "መጀመሪያ እግርህን አስተኛው። ተኛ? አሁን ጉልበትህን። አትቸኩል።" ከወገቤ በላይ የደረሰበትን ቀን አላስታውስም።

እንዲህ ተኝተን ሳለን ነው ጓድ ታምራት ያገኘን።

ጓድ ታምራት የፋብሪካው የፖለቲካ ኃላፊ ነበር። ወጣት፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ዓይኖቹ የቀሉ። ክፉ ሰው ነበር ብዬ ብናገር ውሸት ይሆንብኛል። ስብሰባ የማይጠግብ ሰው ነበር። በዚያ ሰሞን ለአብዮት በዓል የሠራተኞች ሰልፍ ይዘጋጃል፣ ምርት ጨምሩ የሚል ዘመቻም አለ። በሩን ከፍቶ ዘጠኝ ሰው እርጥብ ሽርጥ ለብሶ እያንኮራፋ ሲያይ ምን ሊል ይችላል?

"ጓዶች፣ ይህ ምንድን ነው?"

"ልምምድ ነው" አለ ጋሽ አደም፣ ሳይነሳ።

"የምን ልምምድ? ተኝታችኋል እኮ።"

"አዎ። ጡንቻ የሚሠራው ተኝቶ ነው።"

ጓድ ታምራት ሳቀ። "ተኝቶ የሚያድግ ዱባ ነው፣ ጋሽ አደም።"

"ዱባን አትናቀው። ስንት ጆንያ እንደሚሞላ ሚዛንን ጠይቀው።"

እኛ መሳቃችን ነገሩን አበላሸው። ጓድ ታምራት ፊቱ ተለወጠ። ከነገ ጀምሮ ቀትር ላይ ስምንታችንም በግቢው ውስጥ የሰልፍ ልምምድ እንድናደርግ፣ ብረት ማንሳቱም ጠዋትና ማታ ሁለት ጊዜ እንዲሆን፣ የክፍሏ ቁልፍም ለእሱ ቢሮ እንዲመለስ አዘዘ። የዚያን ጊዜ ሰው እንዲህ ሲታዘዝ "እሺ ጓድ" ነው የሚለው። ጋሽ አደም ተነሳ፣ ሽርጡን አስተካከለ፣ ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ በመዳፉ ላይ ያዘው።

"ለሁለት ክፈለን" አለ። "አራቱን አንተ ውሰድ፣ እንደፈለግህ አድርጋቸው። አራቱን ለእኔ ተው፣ አስተኛቸዋለሁ። ሦስት ወር። በበዓሉ ዋዜማ እዚሁ ግቢ ውስጥ ሰው ሁሉ እያየ ሙሴን እናንሳ። የእኔዎቹ ከአንተዎቹ ካልበለጡ ቁልፉን በእጄ አመጣልሃለሁ፤ ቀትር መተኛትም ከዚህ ግቢ ይቀራል።"

"እኩል ከሆናችሁስ?"

"እኩል ከሆንን ተሸነፍን።"

ጓድ ታምራት ሊጨብጠው እጁን ዘረጋ።

ለጋሽ አደም ያቺ ክፍል ምን እንደሆነች የማያውቅ አልነበረም። ልጅ የለውም። ከሥራ የሚያተርፈው ያቺን ክፍልና እኛን ነው። ዕጣ ሲወጣ አብዲ ለጓድ ታምራት ደረሰ። ሙሴን የሚያነሳው ብቸኛው ሰው በወዲያኛው በኩል ሆነ ማለት ነው። ጋሽ አደም "ሽርጣችሁን ንከሩ" ብቻ አለን።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልግባ፤ አርባ ዓመት ሙሉ ያልተወኝን ነገር ዛሬ ልደብቀው አልችልም።

ጋሽ አደም እንዳይሸነፍ ፈራሁ። ቀትር ላይ ስንጋደም ከውጭ የእነአብዲ እግር ሲረግጥ፣ "ግራ፣ ቀኝ" ሲባል ይሰማኛል። እነሱ ሁለት ጊዜ ብረት ያነሳሉ፣ ፀሐይ ላይ ይሰለፋሉ። እኛ እዚህ እናንኮራፋለን። እንዴት እንበልጣቸዋለን? የመጋዘኑ ቁልፍ እጄ ላይ ስለነበር፣ ክፍሏም በውስጥ በኩል ከመጋዘኑ ስለምትገናኝ፣ ከሥራ በኋላ ብቻዬን ተመልሼ ብረት ማንሳት ጀመርኩ። ድካሙ ሲበረታብኝ ገበያው ሰፈር መጋላ ገብቼ ጫት ገዛሁ። ሲይዘኝ ሙሴ ቀለለኝ። እውነቴን ነው፣ እስከ ደረቴ ድረስ መጣልኝ። የሐረርጌ ልጅ ሆኖ በምርቃና የማይቀል ነገር እንደሌለ ያልሰማ የለም፤ እኔ ግን ጉልበት ያገኘሁ መሰለኝ። ለሰዓት እላፊው ደርሼ ቤቴ እገባለሁ፣ ዓይኔም አይከደንም። በማግሥቱ ቀትር ከሌሎቹ ጋር ተጋድሜ ዓይኔን ጨፍኜ እዋሻለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ስምንታችንንም የምመዝነው እኔ ነኝ። ሁለት ወር ተኩል ሲያልፍ የሦስቱ ጓደኞቼ ክብደት ጨምሯል። የእነአብዲ ቀንሷል። የእኔ ከሁሉም በላይ ቀንሷል። ሚዛን ሠራተኛ ነኝና ሚዛን እንደማይዋሽ አውቃለሁ። ስለዚህ እኔ ዋሸሁ። በራሴ ስም አጠገብ የድሮውን ቁጥር ጻፍኩ።

ጋሽ አደም ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። እኔንም አየኝ።

"ሚዛኑ ላይ ውጣ" አለኝ።

ወጣሁ። የሚዛኑን ብረት ራሱ ገፋው። ወደ ግራ፣ ደግሞ ወደ ግራ። አራት ኪሎ። ከዚያ ጠጋ ብሎ የዓይኔን ሽፋን በአውራ ጣቱ ጎተተው። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ።

"ስንት ጊዜ ሆነህ?"

"አምስት ሳምንት።"

"ለምን?"

"ላንተ ብዬ። እንዳትሸነፍ።"

"ለእኔ ብለህ?" አለ። "አቦ፣ ለእኔ ብለህ ብትተኛስ ምን ነበረበት?"

አለቀስኩ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ሰውም እያየኝ ነበር፣ ግን አለቀስኩ።

አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶናል። ማንም አሠልጣኝ ቢሆን ወይ ያባርረኛል ወይ እጥፍ ያሠራኛል። ጋሽ አደም የዓመት ፈቃዴን አስሞላኝና መጋላ ወደሚገኘው ቤቱ ይዞኝ ሄደ። ብረት እንዳልነካ፣ ጫት እንዳላይ፣ መጋዘኑ አካባቢ እንዳልደርስ ከለከለኝ። ሥራዬ መብላትና መተኛት ሆነ። ሚስቱ አዴ ፋጡማ የግመል ወተት በትልቅ ጣሳ ታመጣልኛለች፤ ካልጨረስኩ ከፊቴ አትሄድም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የጠፍር አልጋው ላይ እገላበጣለሁ። "ጋሽ አደም፣ ብረት ሳልነካ አሥራ ሁለት ቀን ቆይቼ እንዴት ነው ሙሴን የማነሳው?" እለዋለሁ። "አፍርሰህ ጨርሰሃል፣ አሁን ግንበኛውን አስገባው" ይለኛል። መጋላ ደግሞ የመተኛ ሰፈር አይደለም። ቤቱ ከቤቱ የተጣበቀ፣ ልጁ የሚጮኽ፣ ራዲዮው የሚዘፍን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከፊት ለፊት አንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ አለ።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ነቅቼ በበሩ ክፍተት ያየሁትን አልረሳም። ጋሽ አደም ሦስቱን ጓደኞቼን አስተኝቶ ከፋብሪካ መጥቶ፣ ደፉ ላይ በርጩማ አድርጎ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ ተቀምጧል። በእጁ ጭራ ይዟል። አንድ ልጅ ኳስ እየመታ ሲመጣ ጭራውን ያነሳና ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ "ሽ… ወሪያ፣ ሰው ተኝቷል" ይለዋል። አንዲት ጎረቤት ራዲዮ ስትከፍት ጭራው ይነሳል። ያ ትከሻ በሩን ሞልቶት ነበር። ቀጥቃጩስ? ቀጥቃጩ እኛው ግቢ ጥላ ሥር ምሳ እየበላ ነው። ጋሽ አደም መዶሻውን የሚያስቆምበት ሌላ ዘዴ ስላጣ በየቀኑ ምሳ ይጠራዋል። አዴ ፋጡማ በኋላ "አንተን ለማስተኛት ብዬ ሰፈሩን ሁሉ ቀለብኩ" ትለኝ ነበር።

የዚያን ዕለት ተኛሁ። ስነቃ መሽቶ ነበር።

ስለ ወንድሙ የነገረኝ እዚያው ደፍ ላይ፣ አመሻሽ ላይ ነው። ኢብሮ ይባላል፣ ታላቁ ነው። ባቡር ጣቢያ አብረው ይሸከሙ ነበር። አንድ የሥራ ሰሞን ኢብሮ ሊያገባ ስለነበር የሌሎችንም ተራ እየተቀበለ ሦስት ቀን ሳይተኛ ሠራ። በአራተኛው ቀን ከፉርጎው ወደ መሬት በተዘረጋው ሳንቃ ላይ ጆንያ ተሸክሞ ሲወርድ፣ እየሄደ ተኛ። ወደቀ፣ ጆንያውም ደረቱ ላይ አረፈ።

"ሰው ከብዶት ሞተ አለ" አለኝ ጋሽ አደም። "ጆንያው አልከበደውም። ያን ጆንያ በየቀኑ ያነሳው ነበር። ከኋላው ነበርኩ እኮ ሚዛን። ሲያዘግም አይቼዋለሁ። ተኛ አላልኩትም፤ ታላቄ ነው፣ አፈርኩ።"

ከዚያ በኋላ ማንንም ሰው "ተኝተሃል?" ለማለት አፍሮ አያውቅም።

የበዓሉ ዋዜማ ደረሰ። ግቢው በቀይ ጨርቅ ተሸልሟል፣ ሠራተኛው ዙሪያውን ቆሟል፣ ሙሴ መሃል ላይ ተጋድሟል። መጀመሪያ የጓድ ታምራት ሰዎች ቀረቡ። ሁለቱ አልቻሉም። ሦስተኛው፣ አጥብቆ የሞከረ ልጅ ነው፣ እየተንቀጠቀጠ አነሳው፤ ግቢው ጮኸ። ቀጥሎ አብዲ ገባ። ሁሉም ሰው ጨርሰው እንዳሸነፉ ነው ያሰበው። አብዲ ሙሴን ደረቱ ላይ አደረሰው። እዚያው ቆመ። ጉንጩ ገብቶ፣ ዓይኑ ተቀብሮ አየሁት፤ ያ ሦስት ወር በፀሐይ ሲሰለፍ የከረመ አብዲ። ብረቱን መልሶ አወረደውና መሬት መሬት እያየ ወጣ።

የእኛ ተራ ሆነ። የመጀመሪያው፣ ከዚህ ቀደም ሙሴን ከጉልበቱ አሳልፎ የማያውቅ፣ አነሳው። ሁለተኛው አቃተው። ሦስተኛው ከግንባሩ ላይ መለሰው። አንድ ለአንድ። እኩል ከሆንን ተሸነፍን።

ወደ መሃል ገባሁ። ጋሽ አደም እንደ ሁልጊዜው መጣ። የዓይኔን ሽፋን ወደታች ጎተተ።

"ተኝተሃል?"

"ተኝቻለሁ" አልኩት። ከአምስት ሳምንት ውሸት በኋላ ይህችን እውነት ስናገር ደረቴ ሞላ።

"እንግዲያው አንሳ።"

ቀለለኝ አልልም። ምርቃና አልነበረማ። ከበደኝ፤ ግን ከብዶኝ ተነሳ። ጉልበቴ ላይ፣ ደረቴ ላይ፣ ከዚያም ክንዴ ቀጥ አለ። ከላይ ሰማዩንና የሙሴን ጥርስ አየሁ። ጩኸቱን አልሰማሁትም። ሳወርደው መጀመሪያ የፈለግሁት ጋሽ አደምን ነው፤ እኔ ጋ አልነበረም። አብዲ ጋ ሄዷል። ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠውን የአብዲን የዓይን ሽፋን እየጎተተ ነበር። "ና፣ ሽርጥህን ንከር" አለው። የተሸነፉት አራቱ በዚያው ሰዓት ክፍሏ ውስጥ ተኙ፤ በማግሥቱ ለሰልፉ የተቀሰቀሱት በግድ ነው ይባላል።

ጓድ ታምራት ቃሉን ጠበቀ። ቁልፉን ዳግም አልጠየቀም። ሳምንት ያህል ቆይቶ ቀትር ላይ በራችንን ከፈተ። ሊቆጣጠር የመጣ መስሎን ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን። ደፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ጋሽ አደም ሳይነሳ አንድ እርጥብ ሽርጥ ወረወረለት።

"ጫማህን አውልቅ፣ ጓድ።"

"ስብሰባ አለኝ።"

"ስብሰባውም እግር የለው።"

ጓድ ታምራት ጆንያው ላይ ተቀመጠ፣ ጫማውን አወለቀ። "እግርህን አስተኛው" የሚለው ድምፅ ጉልበቱ ጋ ሳይደርስ ማንኮራፋቱን ሰማን። ስብሰባው ያለ እሱ ተደረገ፤ ምርትም በዚያ ምክንያት አልቀነሰም። በዓመቱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ሲሰናበተን ሽርጥ ገዝቶ በሻንጣው ይዞ ነበር።

ሚኒባሱ ድሬዳዋ ሲያደርሰኝ ሊቀትር ነበር። የመጋላው ቤት ደጃፍ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ከስምንታችን አራት ቀርተናል፤ ቃሬዛም አራት እጀታ ነው ያለው። አብዲ በከዘራ ተደግፎ መጣ። ሌሎቹ ሁለቱም ሽበታቸውን ይዘው መጡ። የሰፈሩ ወጣቶች በአክብሮት፣ ትንሽም ፈገግ እያሉ፣ "አባቶች፣ እኛ እንይዘዋለን፣ እናንተ ተከተሉን" አሉን። አብዲ ከዘራውን ድንኳኑ ላይ አስደግፎ "አይሆንም" አለ። እኔም አይሆንም አልኩ። አፌ እንጂ ወገቤ አልነበረም የተናገረው።

አዴ ፋጡማ ከውስጥ ወጣች። አራታችንንም አንድ በአንድ ተመለከተችን። ዓይኗ ደርቋል።

"እናንተ ናችሁ የምታነሱት?"

"እኛ ነን።"

"ስድስት ሰዓት ሆኗል" አለች። "ምን ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ ታዲያ?"

ለቀስተኛው ምን እንዳለ አላውቅም። ለአራታችን ሽማግሌዎች ድንኳኑ ጥግ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈልን፣ ልጆቹ ሽርጥ ነክረው አመጡልን፣ ተጋደምን። ለቅሶ ቤት ይተኛል እንዴ ያለ ሰው ነበር። ዓይኔን ከመጨፈኔ በፊት ወደ በሩ አየሁ። አዴ ፋጡማ የእሱን በርጩማ አውጥታ፣ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ ተቀምጣለች። ጭራውን ይዛለች። አንድ ሰው እየጮኸ እያለቀሰ ሲመጣ ጭራውን አነሳች፣ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። እግሬን አስተኛሁት። ከዚያ ጉልበቴን።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ራሷ ቀሰቀሰችን። ቃሬዛው በሩ ላይ ወጥቶ ነበር። አራታችን አራቱን ጫፍ ያዝን። ማንም አላነሳም። ለምን እንዳላነሳን ሌላው ሰው አልገባውም፤ እኛ ግን ሁላችንም አንድ ነገር ነበር የምንጠብቀው፣ ሊመጣ የማይችል ድምፅ።

አዴ ፋጡማ ወደ እኔ ቀረበች። አውራ ጣቷን የዓይኔ ሽፋን ላይ አድርጋ ወደታች ጎተት አደረገችው።

"ተኝታችኋል?" አለች።

"ተኝተናል።"

"እንግዲያው አንሱት።"

አነሳነው። እስከ መስጊድ፣ ከመስጊድም እስከ መቃብር፣ መሬት አላስነካነውም።